ከ«ስጠን» በኋላ ያለችው ቃል

የምስራች! «ምስር ብዪ» በሉኝና ልቀጥል።

አለቀ! ሁለት መቶ ዓመት ያህል መሃል መንገድ ላይ ቆሞ የኖረው ቅዳሴ ዛሬ ጠዋት እስከ መጨረሻው ተዘመረ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አልተደረመሰም። ቅዳሴውን ጀምሮ የሞተውም ሰው ከመቃብሩ ተነስቶ አልተቆጣንም። ዝዩም ምድጃ ውስጥ ተረስቶ አላረረም፤ ክንፉ ላይ ትንሽ ብቻ።

የምስራቹ ግን የእኔ አይደለም፤ የሚራ ነው። የክርስትና ስሟ ድራሆሚራ ነው። በመንደራችን በቮድኒትሳ ያንን ሁሉ ለመጥራት ትንፋሽ ያለው ሰው ስለጠፋ ሚራ ሆና ቀረች። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ የመዘምራናችን መሪ፣ የአሮጊቷ የኦቲሊያ ልጅ። ፀጉሯን ጠቅልላ በእርሳስ ትወጋዋለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እርሳሷን ስትፈልግ ትውላለች።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ስለ ሃቭሊክ ማንሳት አለብኝ። ቪንሴንት ሃቭሊክ በአዘቦት ቀን በወንዙ ወፍጮ እህል የሚፈጭ፣ በእሑድ ኦርጋናችንን የሚጫወት፣ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ነበር። ትልልቆቹ ከተሞች ስሙን አያውቁትም፤ ጉዳቱ የእነሱ ነው። የመጨረሻ ሥራው ይህ ቅዳሴ ሲሆን አንዲት ቃል ስትቀረው ሞት ቀደመው። የቅዳሴው ማብቂያ «ሰላምን ስጠን» የሚል ልመና ነው። በላቲኑ ግን «ስጠን» ይቀድምና «ሰላም» መጨረሻ ላይ ትመጣለች። የሃቭሊክ እጅ «ስጠን» ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ገጾች የተጻፉት በሌላ ሰው እጅ ነው። የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

«ታዲያ ማንም ጻፈው ማን፣ ለምን አትዘምሩትም?» ትሉ ይሆናል። ሄዳችሁ መቃብሩን እዩዋ! ድንጋዩ ላይ «ያልጨረስሁትን ባዕድ አይጨርስብኝ» ተብሎ ተቀርጿል። የሟች ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያናችን በዓል ቅዳሴውን እንዘምራለን፤ «ስጠን» እንላለን፤ እናቆማለን። ኦርጋኑም እኛም ጭጭ። ከዚያ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ዝይ ሊበላ ወደ በዓሉ ምሳ። የመንደራችን ልጆች አእምሯቸውን እስኪያውቁ ድረስ መዘምራኑ እግዚአብሔርን ዝይ የሚለምኑ ነው የሚመስላቸው። «ስጠን» ይባላል፣ ዝይ ይመጣል። ምን ይጠርጠሩ!

ሚራ ያንን ባለቤት የሌለው እጅ ያወቀችው ገና በልጅነቷ፣ እናቷ ወደ መዘምራኑ ሰገነት ይዛት ስትወጣ ነው። ሌሎቹ ልጆች አሻንጉሊት ሲያቅፉ እሷ ሐሳቡን አቀፈች። አደገች፣ ተማረች፣ አገባች፤ እጁ ግን ከሐሳቧ አልወጣም። ነፍሱን ይማረውና ባሏ «እኛ ቤት ሦስት ነን» ይል ነበር፤ «እኔ፣ ሚራና ያ የማይታወቀው እጅ። ብርድ ልብስ ይጎትታል ተብዬ የምታማው ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

የገጾቹን መልክ እንደ እናቷ ፊት ታውቀዋለች። ኖታዎቹ ነፋስ ፊት ለፊት እንደሚገፋው መንገደኛ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። በየመስመሩ መጀመሪያ የሚደረገው የኖታ ቁልፍ ሁለት ወደ ኋላ የዞሩ ቆልማማ ጫፎች ያሉት መሰላል ይመስላል። ከኖታው ሥር አንድም ቃል የለም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ የላይኛው መስመር ተጽፎ በቢላ ተፍቋል። ጸሐፊው መስመር ተሳስቶ ነው ብለው ምሁራኑ አልፈውታል።

አንድ ጊዜ አገኘሁት ብላ ነበር። በበዓሉ ምሳ ላይ ተነስታ፣ ከፕለም ፍሬ የወጣ አረቄዋን ከፍ አድርጋ፣ «እጁ የሃቭሊክ ተማሪ የነበረው የእገሌ ነው! ባዕድ አይደለም፣ ለከርሞ እንዘምረዋለን!» ብላ በሕዝብ ፊት አወጀች። ተጨበጨበ። እናቷ አለቀሰች። ብዙም ሳይቆይ፣ ያ ተማሪ ሃቭሊክ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተቀበረ መሆኑ ታወቀ። መንደሩ መቼም አፉ አያርፍም። አናጢው ቦሁሽ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «ሚራ፣ ዘንድሮስ ሙታኑ ምን ጻፉ?» ይላታል። አብራው ትስቃለች። ይሁን እንጂ የገጾቹን ቅጂ የያዘችበትን ሳጥን ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላ አላወረደችውም።

እስከ ዘንድሮ በጋ ድረስ።

ኦቲሊያ ሰባ ዓመት አልቶ የዘመረች ሴት ናት። አልቶ ማለት ከሶፕራኖዎቹ ዝቅ ብሎ የሚዘምር የሴቶች ድምፅ ነው። ዜማውን ከላይ የምንይዘው እኛ ሶፕራኖዎቹ ነን (እኔም አንዷ ነኝ፤ አልኮራም፣ ትንሽ ብቻ)። በጋ ላይ ሐኪሙ የኦቲሊያን ልብ አዳመጠና የሰገነቱ ደረጃ ከዚህ በኋላ እንደማይሆናት ነገራት። ተለማምጣ፣ ተቆጥታ፣ አንድ በዓል ብቻ አስፈቀደች። ያን ቀን ማታ ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ልጇን አየቻት።

«ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው።»

«እማዬ፣ እንዲህ አትበይ።»

«ብልም ባልልም ነው። ግን እስቲ ተመልከችው። ሰባ ዓመት ሙሉ ‹ስጠን፣ ስጠን› ስል ኖሬ ምን እንደምፈልግ ሳልናገር ልሙት? እግዚአብሔርስ ‹ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?› አይልም?»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ! የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሚራ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ቄሳችን አባ አሎይስ ዘንድ ሄዳ እንዲሁ ቢዘመርስ ብላ ለመነቻቸው። አባ አሎይስ ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፅ ግን አልተፈጠረላቸውም።

«ሚራ፣ እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» አሏት። «አንድ የመቃብር ድንጋይ ጥሼ ከመንደሩ ሙታንም ከመንደሩ ሕያዋንም ጋር ልጣላ? የሃቭሊክ የራሱ ሰው የጻፈው መሆኑን አሳዪኝና እኔው ራሴ አብሬ እዘምራለሁ።»

«አሳይዎታለሁ አባ። እርስዎ ግን አይዘምሩ።»

ሳጥኑን አወረደች። ብርኖ ከተማ ለሚኖሩት ለዶክተር ሊቦርም ደወለች። እሳቸው የሃቭሊክን ወረቀቶች ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ፣ የተማሪውንም ነገር እያዘኑ የነገሯት ሰው ናቸው።

«የቤተሰቡ ሰው ቢሆንስ ዶክተር?»

«ወይዘሮ ሚራ፣ ይህን እኮ ተነጋግረንበታል። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ወንዶቹ ልጆቹ ወታደር ሆነው ሩቅ አገር ነበሩ። ቤት የቀረችው ሴት ልጁ ሮዛሊያ ናት፤ እሷ ደግሞ መጻፍ አታውቅም። የጋብቻ መዝገቧ ላይ በፊርማ ፈንታ ሦስት መስቀል ነው ያደረገችው። ያውም ሦስተኛው ላይ ቀለም አንጠባጥባበታለች። ፎቶውን ልኬልዎት የለም እንዴ?»

ልከውላት ነበር። ስልኳ ውስጥ አለ። ሦስት መስቀል፤ በሦስተኛው እግር ላይ ጥቁር ጠብታ። አየችውና ስልኳን ዘጋች።

በመስከረም ቮድኒትሳ በፕለም ሽታ ትሰክራለች። ሴቶቹ ኦቲሊያ ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተን ተቀምጠን ለማርማላታ የሚሆነውን ፕለም ከዘሩ እንለያለን፤ መዳቡ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። እጃችን እስከ አንጓው ወይን ጠጅ መስሏል። አንዷ ጎረቤት «ኦቲሊያ፣ እስቲ አንድ ዝፈኚልን፣ እጃችን እንዳይተኛ» አለቻት። ኦቲሊያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። አዳመጥናት። ተያየን።

«ይሄ ደግሞ የምን ዘፈን ነው?» አለች ጎረቤቲቱ።

«የምን ዘፈን ትላለች እንዴ! የራስሽ ሠርግ ላይ የተዘፈነ ነዋ!»

«የእኔ ሠርግ ላይ? ለቀብሬ የምትለማመጂ ነው የሚመስለው።»

ሚራ በሳቅ ፕለሙን ጣለችው። «እማዬ፣ የአልቶውን እኮ ነው የዘፈንሽው። ዜማው ሶፕራኖዎቹ ጋ ነው።»

ኦቲሊያ እውነተኛ ቁጣ ተቆጣች። «እነሱ የሚጮኹት ዜማ ነው ያለሽ ማነው? ዜማው ይሄ ነው! እነሱ ከላይ ከላይ ያጅቡታል እንጂ።»

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እውነት ነው፣ ዕድሜዋን አልቶ የዘመረች ሴት እንዲህ ናት። የቆመችበት ለእሷ መሃሉ ነው፤ ሕፃን የሚያውቀውን ዘፈን ዝፈኚ ብትሏት ሁለተኛውን ድምፅ ትሰጣችኋለች፤ የተሳሳታችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስንስቅ ሚራ ግን ቢላዋዋን እንደያዘች ድስቱ ላይ አፈጠጠች። የተፋቀው መስመር መጥቶባት ነው። ገጹን ብርሃን ላይ ስትይዘው ከላይ የተፋቁት ኖታዎች ታች አልቶው መስመር ላይ እንደገና የተጻፉት ራሳቸው መሆናቸውን ከጥንት ታውቃለች። መስመር መሳሳት ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ግን የላይኛው መስመር ላይ የሚያስቀምጠው ዜማውን ነው። ይህ ሰው ዜማው ብሎ ያስቀመጠው አልቶውን ነው! ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው «ለካ የእኔ ቦታ ታች ነው» ብሎ የፋቀው። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ማን ይሳሳታል?

ከእሳቱ ወዲያ እናቷ አሁንም እያጉረመረመች ነው።

«እማዬ» አለች ሚራ በቀስታ፣ «አልቶ ናት።»

«ማን?»

«እጇ። የጻፈችው እጅ።»

ቢላዋችንን አስቀመጥን። ሚራ ያንን እጅ ዕድሜዋን ሁሉ «እሱ» ስትለው ነበር የኖረችው። ከነሽርጧ ብድግ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። ከኋላዋ ኦቲሊያ «እጅሽን ታጠቢ! ያንን ወረቀት በፕለም ብትነኪው ሃቭሊክ ራሱ ይነሳብሻል!» እያለች ጮኸች።

የሰማት የለም።

ዋናው ጽሑፍ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉን በዚያ ሳምንት የያዘው ደግሞ ሰገነት ላይ የሚሠራው አናጢው ቦሁሽ ነበር። ለበዓሉ ብሎ የሰገነቱን መደገፊያ አሮጌ ቀለም እየላጠ ነው፤ ቡናማው ሲነሳ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ። ሚራ እያለከለከች ደረጃውን ስትወጣ እጇን አየና መፋቂያውን አስቀመጠ።

«በስመ አብ! ማንን ገደልሽ?»

«ቦሁሽ፣ ቀልዱን ተወውና ቁልፉን ስጠኝ።»

«በዚህ እጅሽ? እንኳን ቁልፍ፣ ሰላምታም አልሰጥሽም። ይልቅስ የተማርሽ ሰው ነሽና እስቲ ይሄን ንገሪኝ። እዚህ ጋ መሰላል የሳለው ማነው?»

«የምን መሰላል?»

«ይሄውልሽ። በውስጥ በኩል፣ አልቶዎቹ የሚቆሙበት። ቀለሙ ሲነሳ ነው የወጣው።»

ሚራ ተንበረከከች። በሚስማር ጫፍ የተጫሩ አምስት ቀጭን መስመሮች። መጀመሪያቸው ላይ ሁለት ወደ ኋላ የዞሩ ቆልማማ ጫፎች ያሉት መሰላል። ቀጥሎ ነፋስ የሚገፋቸው የሚመስሉ ጥቂት ኖታዎች፤ ዘማሪዋ አጀማመሯ እንዳይጠፋባት ፊት ለፊቷ የጫረቻቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ሦስት መስቀል። የሦስተኛው መስቀል እግር ወደ ጎን ታጥፎ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ተቆፍሯል። ኖታ ይመስላል።

ስልኳን ከኪሷ ስታወጣ መስተዋቱ ሁሉ ፕለም ሆነ። የጋብቻ መዝገቡን ፎቶ ከእንጨቱ ጎን ያዘችው።

«ቦሁሽ፣ ይሄ ጠብታ ምን ይመስልሃል?»

«ቀለም ተንጠባጥቦ።»

«እንጨቱ ላይስ?»

ቦሁሽ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ። «እንጨት ላይማ ቀለም አይንጠባጠብም» አለ።

ሚራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቦሁሽም ሲያስበው ቆይቶ መሐረቡን ሰጣት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሙታን ጠይቋት አያውቅም።

ኦቲሊያ ስትሰማ ግን ብዙም አልተገረመችም። «እነሱማ ቁንጫዎቼ ናቸው!» አለች። ከቀለሙ ሥር ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ነገር እንዳለ አውራ ጣቷ ድሮ ያውቃል። ሰባ ዓመት ሙሉ ከመዘመሯ በፊት ስትዳብሳቸው ኖራለች፤ ሲዳበሱ ድምፅ አይጠፋም ትላለች። ምን እንደሆኑ ግን ጠይቃ አታውቅም። ቁንጫ ምኑ ይጠየቃል?

ያን ጊዜ ነው ሚራን ፍርሃት የያዛት። ያ የፈረደበት ምሳ፣ ጭብጨባው፣ የእናቷ እንባ ትዝ አላት። እናቷ አሁን ሁለተኛ ተስፋ ተሰጥቷት ሁለተኛ ብትነጠቅስ? ለማንም ትንፍሽ እንዳንል ሴቶቹን አስማለችን (እኔም ጠበቅሁ፤ ምስክር አለኝ)። ዶክተር ሊቦርን ጠራቻቸው።

መጡ። ረጅም ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ አቧራው ያስነጥሳቸዋል። መደገፊያው ሥር በማጉያ መነጽራቸው ተደፉ። ወደ ወረቀቱ፣ ወደ እንጨቱ፣ ወደ መዝገቡ ፎቶ ተመላለሱ። አስነጠሱ። ሚራ አጠገባቸው ቆማ ከፀጉሯ ያወጣችውን እርሳስ ሁለት ቦታ ሰበረችው።

በመጨረሻ ቀና አሉ።

«ወይዘሮ ሚራ፣ ገጾቹ ሥር ቃል ለምን እንደሌለ...»

«ፊደል አታውቅማ!» አለች ሚራ አላስጨርስ ብላ። «አባቷ አልቶ የሚዘምር ሰው ቸግሮት ነበር፤ ኖታ አስተማራት። ፊደል የሚያስተምራት ግን አልተገኘም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህ መዝገብ እሷ እንዳልጻፈችው ማስረጃዬ ነበር» አሉ። «ለካ ፊርማዋ ነው!» ከዚያ ያ ሁሉ ቁመት ጎንበስ ብሎ ሚራን አቀፋት። «የሮዛሊያ እጅ ነው። ስሜን ጽፌ እፈርምበታለሁ። የአባቷን ዜማ አስታውሳ ነው ወይስ ከራሷ አፍልቃ ነው የሚለውን ግን አላውቅም።»

«እሱን ሌላ ጊዜ እንከራከርበታለን» አለች ሚራ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አባ አሎይስ ነገሩን ሰምተው ወደ መቃብሩ ወጡ። ድንጋዩን እንደገና አነበቡት። ተመልሰው መጡና «የአብራኩ ክፋይ ባዕድ ናት እንዴ?» አሉ። «ዘምሩ።»

ዘምሩ ማለት ለአፍ ቀላል ነው! በቀረችን ጊዜ ተለማመድን። ቃሏን ከኖታዎቹ ሥር ሚራ ራሷ በእርሳስ ጻፈቻት። ለኦቲሊያ ወረቀት ስትሰጣት «እኔ ምን ያደርግልኛል፤ አንድ ቃል ናት፣ ዕድሜዬን ሁሉ አውቃታለሁ» ብላ መለሰችላት።

ዛሬ ጠዋት ቦሁሽና አንድ ወንድሙ ኦቲሊያን ከነወንበሯ ተሸክመው ሰገነት አወጧት። «ንግሥት ናት ወይስ ኦርጋን?» እያለ ቦሁሽ በየደረጃው ይነዘንዛል፤ እሷም በመሐረቧ አናቱን ትመታዋለች። ቦታዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣቷን ቁንጫዎቿ ላይ አሳረፈች። ቦሁሽ ያንን ቦታ ቀለም አልቀባውም።

ዘመርን። «ስጠን» ደረሰ። ታች ያለው ሕዝብ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ ኮፍያ ተነሳ፣ አንድ በርም ተከፈተ። ሚራ ግን እጇን አላወረደችም። ኦርጋኑ ዝም አላለም። እኛ ሶፕራኖዎቹ ትንፋሽ ስንስብ፣ ከአጠገባችን አንድ ያረጀ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ አልቶ ድምፅ ቀድሞን ገባ። ታች የተነሳው ሕዝብ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ወንበሩ እየተንቋቋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የተከፈተው በር ተዘጋ።

ኦቲሊያ ቃሏን ተናገረች። ደጋግማ ተናገረቻት፤ ሮዛሊያ ለአልቶዎች አልሰሰተችምና። እውነቱን ልናገር? የሚያምረው የእነሱ መስመር ነው። እኛ ከላይ አጀብናቸው።

ሲያልቅ ሚራ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ረሳቻት። ኦቲሊያ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«በቃ?»

«በቃ እማዬ።»

«ጥሩ ነው። አሁን ምን እንደምፈልግ ያውቃል» አለችና መሐረቧን አጣጥፋ፣ «ዝዩስ?» አለች።

ይኸው ከምሳው መሃል ተነስቼ ነው ይህንን የምጽፈው፤ ሳህኔ ላይ ግማሽ ዝይ ቀርቷል፣ ይቅር! የድሮው ኦርጋን ተጫዋቻችን ሽማግሌው ካየታን ከወንዙ ማዶ ባለው የአረጋውያን ቤት ተኝተዋል። አርባ ዓመት «ስጠን» ላይ ጣታቸውን ከኦርጋኑ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማንም ገና አልነገራቸውም። ጆሯቸው አይሰማም፣ ስለዚህ የምስራቹን ጮኬ ነው የምነግራቸው። መጨረሻዋንም በሶፕራኖ... አይ፣ በአልቶው እዘምርላቸዋለሁ። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲያልፍ ይታየኛል፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!